ኧርል ግሬይ ቤት ሄጄ ሻይ ጠጣሁ

እንግሊዝ አገር ኒውካስል የሄድኩት ለክርስትና ነው። የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ልገኝላት ብዬ። በማግስቱ አንድ ትርፍ ቀን ነበረኝና ምን ባይ ይሻላል ብዬ ስጠይቃት «ያ መሃል ከተማ ሐውልቱ የቆመለት ሰውዬ ቤት ሂድ፤ አንተ እንደሁ ሻይ ነፍስህ ነው፣ የሻዩ ሰውዬ እኮ ነው» አለችኝ።

ኧርል ግሬይ የሚባለውን ሻይ ስንት ዓመት ጠጥቻለሁ። ግሬይ የሚባል ሰው መኖሩን ግን አስቤው አላውቅም። ኧርል ማዕረጉ ነው፣ ሰውዬው ቻርልስ ግሬይ የሚባል የእንግሊዝ ፖለቲከኛ ነበር።

ሐውልቱን በጠዋት አየሁት። የቆመው በ1838 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፣ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ፣ ውስጡ 164 ደረጃ አለው። በ1941 መብረቅ መትቶት ጭንቅላቱ ወድቆ ነበር፣ አሁን ያለው በኋላ የተሠራለት ነው። ከዚያ ባቡር ይዤ አልንማውዝ ወረድኩ፣ ከጣቢያው በታክሲ የሰውዬው ቤት፣ ሃዊክ ሆል፣ ደረስኩ።

ቤቱ በ1782 የተሠራ ትልቅ የድንጋይ ቤት ነው፣ ባሕሩም ቅርብ ነው። የቻርልስ ግሬይ አጎት ነበር ባለቤቱ። ልጅ ስላልነበረው ግሬይ በ1801 ቤተሰቡን ይዞ ገባበት፣ አጎቱ ሲሞትም ወረሰው። ከባለቤቱ ከሜሪ ፖንሰንቢ በ1794 ተጋብተው የወለዷቸው ልጆች 15 ናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ፣ ይህን ያህል ልጅ፣ ለንደን ደግሞ በሠረገላ ቀናት የሚፈጅ መንገድ። የፖለቲካ ወዳጆቹ ና እያሉ ሲጎተጉቱት እግሩ የሚከብደው ለምን እንደነበረ ግቢው ውስጥ ትንሽ ሲራመዱ ይገባል።

ሻይ ቤቱ ያለው ድሮ የጭፈራ አዳራሽ በነበረው ክፍል ነው። ያው ኧርል ግሬይ አዘዝኩ። የቤቱ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ የአካባቢው የጉድጓድ ውሃ የኖራ ጣዕም ስለነበረው አንድ ቻይናዊ ሹም ያን ጣዕም እንዲያጠፋ ብሎ ቤርጋሞት ከሚባል የብርቱካን ዘመድ ዘይት ጨምሮ ቀመመላቸው፣ ሚስትየው ለንደን እንግዳ ስታስተናግድበት ሰው ሁሉ ወደደው። ቤተሰቡ ስሙን አላስመዘገበም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ከሚጠጣው ሻይ አንድም ሳንቲም አላገኘም።

ሰውዬው ግን ከሻዩ ይበልጣል። በ22 ዓመቱ ፓርላማ ገባ፣ የምርጫ ሥርዓቱ ይለወጥ ሲል ኖሮ በ1830 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ያኔ ኦልድ ሳረም የሚባል ሰው አልባ ኮረብታ ሁለት የፓርላማ አባላት ሲልክ፣ በፋብሪካ ያበጠችው ማንችስተር አንድም አልነበራትም። የምርጫ ሥርዓቱን የሚለውጠውን ሕግ ካረቀቁት አንዱ የገዛ አማቹ ጆን ላምተን ነው። በዚያው ትግል መሃል፣ በ1831፣ የላምተን የ13 ዓመት ልጅ፣ የግሬይ የልጅ ልጅ፣ ሞተ። ሠዓሊው ቶማስ ሎውረንስ ቀይ ልብስ አልብሶ የሳለው፣ ድንጋይ ላይ ጋደም ብሎ የምናየው ልጅ ያ ነው። ሥዕሉ አሁን ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው። የሎርዶቹ ምክር ቤት ሕጉን በዚያው ዓመት ጣለው፣ በ1832 ግን አለፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በግሬይ መንግሥት ጊዜ በአብዛኞቹ የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽር ሕግ ወጣ። ካሳው፣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የተሰጠው ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነው። ይሄ አሁንም ያናድደኛል።

ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልወጣችው ግን ሌላ ልጅ ናት።

ግሬይ ሳያገባ፣ ገና ወጣት ሳለ፣ የዴቮንሺር ዱክ ሚስት ጆርጂያናን ወደደ። አረገዘች። ባሏ ከግሬይና ከሦስት ልጆቿ አንዱን ምረጪ አላት። ልጆቿን መረጠች። በ1792 ፈረንሳይ አገር፣ ሰው በማያውቃት ቦታ፣ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ኤላይዛ ኮርትኒ ተባለች። ፋሎደን፣ ከሃዊክ ብዙም ሳይርቅ፣ የግሬይ ወላጆች ቤት ተወሰደች፣ እዚያም የግሬይ እህት እንደሆነች ተደርጋ አደገች። አያቶቿ እናትና አባት፣ አባቷ ወንድም።

እኛ በአባታችን ስም የምንጠራ ሰዎች ነን። አንድ ሕፃን ሲወለድ ሁለተኛው ስሙ ወዲያው የታወቀ ነው፣ ማንም አይጠይቅም። ኮርትኒ የአባቷም የእናቷም ስም አይደለም። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካህኑ የክርስትና ስሙን ሲጠሩለት እልል ያልንለት ሕፃን ትዝ አለኝ፣ ሻዬም ቀዘቀዘ። ግሬይን ለመውቀስ አይደለም፣ የዘመኑ መኳንንት እንዲህ ያለውን በዝምታ ነበር የሚሸፍኑት። ግን ሃዊክ ውስጥ ያን ሁሉ ልጅ ሰብስቦ ሲኖር እሷን ሲያያት ምን ይሰማው ነበር? እናቷስ? ጆርጂያና በ1806 ሞተች፣ ልጄ ናት ብላ በአደባባይ ሳትናገር።

ፋሎደን ለእኛም ባዕድ ስም አይደለም። ቆይቶ የግሬይ ወንድም የልጅ ልጅ ልጅ፣ ኤድዋርድ ግሬይ፣ እዚያው አድጎ የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በታኅሣሥ 1906 ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ኢትዮጵያ ውስጥ ያላቸውን ጥቅም የተከፋፈሉበትን ውል፣ አጼ ምኒልክ ያልፈረሙበትን፣ ለብሪታንያ የፈረመው እሱ ነው።

ከሻይ ቤቱ ወጥቼ ግቢው ውስጥ ወዳለችው ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ግሬይ በ1845 ሞቶ የተቀበረው እዚያ ነው። ማንም አልነበረም። መቃብሩ አጠገብ ትንሽ ቆሜ፣ አማትቤ ወጣሁ። ከዚያ በዛፎቹ መሃል ጅረቱን ተከትሎ ወደ ባሕር የሚወስደውን ረጅም መንገድ ያዝኩ። ነፋሱ ይጋረፍ ነበር፣ ጃኬቴን እስከ አገጬ ዘግቼ ነው የሄድኩት።

ማታ ቤት ስደርስ የአክስቴ ልጅ ሕፃኑን አቅፋ «እንዴት ነበር ሻዩ?» አለችኝ። የነገርኳት የኤላይዛን ነው። ዝም ብላ ሰማችኝና «አግብታ ወልዳ ነበር?» አለች። አዎ፣ ሮበርት ኤሊስ የሚባል መኮንን አግብታ ወልዳለች አልኳት። «ሴት ልጅ አላት?» አለችኝ። አላት፣ ጆርጂያና ብላ አወጣችላት አልኳት።