ታንኩ ላይ የምትለጠፈው ወረቀት

ሞተር ላይ ለተቀመጠ ሰው የመንገድ መመሪያ ሲበዛ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ዓይኔን ለሁለት ሰከንድ ከአስፋልቱ ባነሣ ከ30 ሜትር በላይ ሳላይ አለፍኩ ማለት ነው፤ በቡታጅራ መስመር ደግሞ በዚያች ርቀት ውስጥ የአህያ ጋሪ ሊዞር፣ ጥጃም ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ስነሣ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ፣ ነዳጅ ታንኩ ላይ አንዲት ወረቀት በላስቲክ ሸፍኜ በፕላስተር እለጥፋለሁ።

ስልኩን መሪው ላይ የሚያስሩ ወዳጆቼ በዚህ ይስቁብኛል። እኔ ግን ፀሐይ ሲያርፍበት ጽሑፉ እንደማይነበብ፣ ሲግል እንደሚጠፋ፣ የዝናብ ጠብታም እንደ ጣት ቆጥሮ ገጹን እንደሚቀያይር አይቻለሁ። አፕል ራሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። መንገዱን ከመነሣቴ በፊት ለማጥናት ግን ከስልክ የተሻለ ነገር የለም።

ወረቀቷ ላይ የሚጻፈው መንገዱ የሚገነጠልበት ቦታ ብቻ ነው። ዳካር ራሊ በሚባለው የረጅም ርቀት የበረሃ ውድድር ሞተረኞች ለብዙ ዓመታት ይዘውት የተጓዙት ጥቅል ወረቀትም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነበር፤ በአንድ በኩል ርቀቱ፣ መሐል ላይ የመገንጠያው ሥዕል፣ በሌላው በኩል አጭር ማስታወሻ። የእኔዋ ከዚያም ታንሳለች። «ዓለም ገና፣ ግራ» ብዬ በወፍራም ማርከር እጽፍና ቀጣዩ መስመር ቡታጅራ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከጅማው መንገድ ከተለየሁ በኋላ አዋሽን ስሻገርም ሆነ የጢያን ትክል ድንጋዮች ሳልፍ የምወስነው ነገር የለኝም። ቡታጅራ ላይ ወደ ባቱ የሚወስደው መንገድ ስላለ «ሆሳዕና» የሚለውን ስም አሰምርበታለሁ። ከዚያ ሶዶ፣ ከሶዶ በኋላ አርባ ምንጭ። በየከተማው የጉዞ መቁጠሪያውን ወደ ዜሮ ስለምመልሰው፣ የሚቀጥለው ውሳኔ ምን ያህል እንደቀረበ መቁጠሪያው ይነግረኛል።

ወረቀቷ ዝም ስትል ሰው መጠየቅ የግድ ነው፤ አጠያየቁ ግን ዘዴ ይፈልጋል። «ይህ መንገድ ሆሳዕና ያደርሳል?» ብሎ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አዎ» የሚል መልስ ያገኛል፤ እንግዳን «አያደርስም» ብሎ መመለስ ለብዙ ሰው ይከብደዋልና። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ሄልሜቴን አውልቄ፣ «አባቴ፣ ወደ ሆሳዕና የሚወስደው የቱ ነው?» እላለሁ። ሄልሜት ያላወለቀ ሰው ድምፁም አይሰማም፣ ፊቱም አይታይም፤ ሰላምታ ሳያስቀድሙ መንገድ መጠየቅም ነውር ነው። ሩቁን አርባ ምንጭን ሳይሆን ቀጣዩን ከተማ መጠየቅ ይሻላል። የባጃጅ ሾፌሮች መገንጠያዎችን አጥርተው ያውቃሉ፤ ሽማግሌዎች ደግሞ «አስፋልቱን እንዳትለቅ» ይላሉ፤ ይህችም ሞተር ላይ ሆኖ ለመያዝ ከሚቀሉት መመሪያዎች ሁሉ ትበልጣለች።

የመልሱን ጉዞ በተመለከተ ወረቀቷን ገልብጦ ማንበብ አያዋጣም። ግራው ቀኝ መሆኑ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ስሄድ ምልክት ያደረግሁት የነዳጅ ማደያ ከወዲያ በኩል ስመጣ በዛፍ ሊሸፈን ይችላል፣ የከተሞቹም ሰሌዳ ጀርባውን ይሰጠኛል። ስለዚህ አርባ ምንጭ ማታ ተቀምጬ ሌላ ወረቀት እጽፋለሁ። በሻሸመኔ በኩል ለመመለስ ካሰብኩ ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ሁለት ስም አሰፍራለሁ፤ ወጣቱ «ባቱ» የሚለውን ከተማ አሮጌው ካርታና ብዙ አዛውንት አሁንም «ዝዋይ» ስለሚሉት፣ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይትም እንዲሁ ናቸው።