ያቺ የጨመርኳት አንድ ሰዓት

ለንደን ውስጥ የቢሮ ጽዳት ሱፐርቫይዘር ነኝ፣ የሠራተኛውን ሮታ፣ ማለትም ማን መቼ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የማወጣው እኔ ነኝ። ይሄን የምጽፈው 2024 ላይ ያደረግኩት ነገር እስካሁን ስለሚቆጨኝ ነው፣ እንደኔ ሰው የሚያሠራ ካለ ደግሞ ቢያውቀው ብዬ።

አብረውኝ የሚሠሩ አንድ የጎንደር ሰው አሉ፣ እትዬ ነው የምላቸው። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት፣ 11 ዓመቱ ነው፣ አይናገርም፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይነሳና በሩን ይደበድባል፣ እሳቸውም አብረውት ቁጭ ብለው ነው የሚያነጉት። ጠዋት የትምህርት ቤቱ መኪና ሲወስደው እሳቸው ወደ ሥራ ይመጣሉ፣ በሳምንት 13 ሰዓት ብቻ። ለምን አይጨምሩም ስላቸው "አይሆንልኝም ልጄ" ብለው ዝም ይላሉ፣ እኔ ደክሟቸው መስሎኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አንዷ ሠራተኛ ታማ ቀረችና "እትዬ፣ በሳምንት አንዲት ሰዓት ብቻ ይጨምሩልኝ፣ ትንሽም ብትሆን ትደግፍዎታለች" አልኳቸው፣ እሳቸውም ሰው ፊት ስለሆነ እምቢ ማለት ከበዳቸው፣ ይሉኝታ ያው ታውቁታላችሁ፣ 6 ሳምንት 14፣ 14 ሰዓት ሠሩልኝ።

ከወራት በኋላ በእረፍት ሰዓት ደብዳቤ ይዘው መጡ፣ "እስቲ አንብብልኝ" አሉኝ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ኬረርስ አላውንስ ይወስዱ ነበር፣ ቤተሰቡን በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ለሚያስታምም ሰው መንግሥት የሚሰጠው ማለት ነው፣ ያኔ በሳምንት 81.90 ፓውንድ ነበር፣ ለ35 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2.34 ፓውንድ። ይሄን የሚወስድ ሰው ከሥራ የሚያገኘው በሳምንት ከ151 ፓውንድ ማለፍ አልነበረበትም። የሰዓት ክፍያችን ያኔ ዝቅተኛው 11.44 ፓውንድ ነበር፣ በ13 ሰዓት 148.72 ይመጣል፣ በ14 ግን 160.16። አንዴ ካለፈ ደግሞ የሚቀነሰው ያለፈችው ብቻ አይደለም፣ የዚያ ሳምንት አበል ሙሉው ነው የሚቀርባቸው። እኔ በ6 ሳምንት 68.64 ፓውንድ ጨመርኩላቸው፣ እሳቸው 491.40 መልሱ ተባሉ።

ስልኬ ላይ ሦስት ጊዜ ደመርኩት፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ። "ከ13 አታስበልጪ ብለውኝ ነበር፣ አንዷ ሰዓት ምን ታመጣለች ብዬ እኮ ነው" አሉኝ፣ እንደ ጥፋተኛ፣ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ። ገንዘቡን እኔ ልክፈል ስላቸው ተቆጡኝ፣ ያንተ እናት የሉህም ወይ ብለው። በኋላ ደውለን በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍሉ ተስማሙ።

እኔን ያናደደኝ ሕጉ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የምታስታምም እናት አንዲት ሰዓት ስለሠራች ያን ያህል መቀጣት የለባትም፣ አበሉ ደሞዝ ሲጨምር ቀስ እያለ ቢቀንስ ምን ነበረበት? እንግሊዝ ውስጥ በዚሁ መንገድ በሺዎች የሚከፈል ዕዳ የገቡ ብዙ ሰዎች እንዳሉም ያኔ ነው ያወቅኩት።

አሁን ሰዓት ከመጨመሬ በፊት ሰውየውን ለብቻው እጠይቃለሁ፣ ሰው ፊት አይደለም። እንደሱ ስጠይቅ ሌሎች ሁለት ሠራተኞችም የሚያስታምሙት ሰው እንዳለ ነገሩኝ፣ አንዱ አባቱን፣ አንዷ ባሏን፣ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አላውቅም ነበር። ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ማንኛውም ተቀጣሪ ቤተሰቡን ለማስታመም በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ የመውሰድ መብት እንዳለውም ያኔ ነው የነገርኳቸው፣ ደሞዝ ባይኖረውም። እትዬ ልጃቸውን ሆስፒታል ለመውሰድ የዓመት እረፍታቸውን ነበር የሚጨርሱት።

ሚያዝያ 2025 ላይ ያ የ151 ፓውንድ ጣሪያ ወደ 196 ፓውንድ ከፍ አለ፣ ዝቅተኛው ክፍያም 12.21 ሆነ፣ ቢያልፍ ሙሉው መቅረቱ ግን እንዳለ ነው። እትዬን ቢሮ ጠርቼ 16 ሰዓት ድረስ መሥራት ይችላሉ አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸው ላይ 16ን በ12.21 አባዙ፣ 195.36። አጠፉና እንደገና አባዙ። ከዚያ "በል ጻፈው" አሉኝ።