ጃማይካ፦ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ዳርቻ

«ጃማይካ መቼ ይኬዳል?» ላለ ሰው «ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ» ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ውሸትም አይደለም። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ወበቁ ይቀንሳል፣ ሀሪኬን የሚባለው የባሕር አውሎ ነፋስ ስጋት የለም። ችግሩ ሆቴሎቹም ይህን መልስ በደንብ ማወቃቸው ነው፤ ዋጋ የሚሰቅሉት በእነዚሁ አራት ወራት ነው። ሌላው ደግሞ ደሴቲቱ አንድ ዓይነት ሰማይ የላትም። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ባለችው ፖርት አንቶኒዮ ላይ ዶፍ እየወረደ በደቡብ ባለችው ዋና ከተማ ኪንግስተን ውስጥ አቧራ ሊነሳ ይችላል፤ በቀጥታ ከተለካ ደግሞ በሁለቱ መካከል 50 ኪሎ ሜትር እንኳ የለም። ስለዚህ ወሩን ብቻ ሳይሆን ዳርቻውንም አብሮ መምረጥ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የነፋስና የተራራ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ከባሕሩ እርጥበት ተሸክሞ ይመጣል፤ ብሉ ማውንቴንና ጆን ክሮ የሚባሉት ተራሮች ሲገጥሙት ሽቅብ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ያራግፋል። በእነዚህ ተራሮች ላይ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚጥልባቸው ቦታዎች አሉ። ከተራራው ጀርባ ያለችው ኪንግስተን የዚህን አንድ አምስተኛ ካገኘች ትልቅ ነገር ነው። በደቡብ በኩል ሴንት ኤልዛቤት ውስጥ ያለው ትሬዠር ቢችም እንዲሁ ደረቅ ነው። እዚያ ገበሬው ማሳውን በደረቅ ሣር ሸፍኖ ነው እርጥበት የሚያቆየው፤ ቁልቋሉም በየመንገዱ ዳር ነው።

ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልግና ክረምት ለለመደ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ሜይና ጁን ላይ ነው፣ ጁላይ ላይ ጋብ ይላል፣ ከዚያ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ከባዱ ይመጣል፤ የሁሉም አውራ ኦክቶበር ነው። የሁለቱ ጠባይ ግን አይመሳሰልም፤ ብዙ ሰው ቀኑን የሚያበላሸው ይህን ባለመለየት ነው። የሜይ ዝናብ በአብዛኛው የከሰዓት ዝናብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ታሞቃለች፣ ሰባት ስምንት ሰዓት ላይ መሀል አገር ደመና ይቆለላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ያወርደዋል፣ ማታ ደግሞ ሰማዩ ንጹሕ ነው። ባሕሩን ጠዋት የጨረሰ ሰው ምንም አይቀርበትም። የኦክቶበሩ ግን ካሪቢያን ላይ ተጋድሞ ከሚቀር ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ሦስት ቀን ሳያባራ ይጥላል፣ ወንዞቹ ይደፈርሳሉ፣ በሪዮ ግራንዴና በማርታ ብሬ ወንዞች ላይ የቀርከሃ ታንኳው ጉዞ ይቆማል፣ ወደ ተራራ የሚወጡት መንገዶች በናዳ ይቆረጣሉ።

የሀሪኬን ወቅት የሚባለው ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ጫፉ ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው፤ በአብዛኛው ዓመት የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መሆኑ ነው። በኦገስትና በሴፕቴምበር ጃማይካን ከሚያሰጉት ብዙዎቹ ከአፍሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደ አትላንቲክ ከሚወጡ የአየር ሞገዶች ይወለዳሉ፤ የአንዳንዶቹን ሞገዶች መነሻ ተመራማሪዎች እስከ ዳርፉርና እስከ ኢትዮጵያ ከፍታዎች ድረስ ተከትለውታል። የእኛ ክረምት ሲያይል ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሰማይ ሰማይ የሚያየው በከንቱ አይደለም።

ኦክቶበር ላይ ሌላ መንገድ አለ። ማዕበሉ አትላንቲክን ማቋረጥ ሳያስፈልገው እዚያው ምዕራብ ካሪቢያን ላይ ይፈጠራል፣ ያንን ሞቃት ውኃ እየጠጣ ያድጋል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ሳንዲ የተባለው ሀሪኬን ኦክቶበር 24 ቀን 2012 ጃማይካን የመታው በዚህ መንገድ ነው። ሜሊሳ የተነሳው ከምሥራቅ ቢሆንም አቅም የገዛው እዚያው ካሪቢያን ውስጥ እየተንፏቀቀ ነው፤ ኦክቶበር 28 ቀን 2025 በሰዓት ከ290 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ነፋስ በምዕራብ በኩል ባለው ዌስትሞርላንድ ላይ ወደ ምድር ገባ፤ ብላክ ሪቨርን የመሰለች ከተማ ፈራረሰች። «ኦክቶበር መጨረሻ ነው፣ ወቅቱ አልቋል» የሚለውን ምክር ከዚያ ወዲህ ማንም ባይሰጠኝ ደስ ይለኛል። በሌላ በኩል ደግሞ ቤሪል ጁላይ 3 ቀን 2024 ነበር በደቡብ ዳርቻው ጠርዝ ያለፈው፤ ጁላይም ዋስትና የለውም ማለት ነው። ቢሆንም የአንድ ሳምንት ጉዞ በሀሪኬን የመመታት ዕድሉ በየትኛውም ወር ትንሽ ነው፤ ትልቁ ዕድል የጉዞው መሰረዝና የገንዘቡ መታገድ ነው።

ለዚያም መላ አለው፤ መላው ግን ቀድሞ ካልሆነ አይሠራም። ከጁን እስከ ኖቬምበር የሚሄድ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱን ቲኬቱን በቆረጠበት ቀን ይግዛ። ማዕበሉ ስም ከወጣለት በኋላ (ስም የሚወጣለት ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ነው) የሚገዛ ኢንሹራንስ ያንን ማዕበል አይሸፍንም፤ በኩባንያዎቹ ዓይን «የታወቀ ነገር» ሆኗል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚለው ዓይነት ደግሞ የመጀመሪያው ክፍያ ከተፈጸመ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ መገዛት አለበት፤ የሚመልሰውም ሙሉውን ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ነው። ሆቴሎቹ «የሀሪኬን ዋስትና» የሚሉት ደግሞ ሲነበብ ብዙ ጊዜ ገንዘብ መመለስ ሳይሆን ሌላ ጊዜ የመምጣት መብት ነው። የማያሚው ብሔራዊ የሀሪኬን ማዕከል የሰባት ቀን ካርታ በነፃ ያወጣል፤ ከመነሻው ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እሱን ማየት ከየማኅበራዊ ሚዲያው ጩኸት ይሻላል።

የደረቁ ወራትም እንከን አለባቸው፤ ይህን የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከሰሜን አሜሪካ የሚወርደው ብርድ አንዳንዴ እስከ ጃማይካ ይደርሳል። ሙቀቱ ብዙም አይቀንስም፤ ባሕሩ ግን ይናወጣል። በሰሜኑ ዳርቻ ከፖርት አንቶኒዮ እስከ ሞንቴጎ ቤይ ማዕበሉ ከፍ ይላል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ ኮራል ለማየት የተያዘው ጀልባ ይሰረዛል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ያልፋል፤ በእነዚያ ቀናት ተራራው የሚከልለውን ደቡብ ወይም ኪንግስተንን ማየት ነው። በዚያ ላይ ኪንግስተን ውስጥ ሞና የተባለው የውኃ ማጠራቀሚያ በደረቁ ወራት ሲጎድል ቧንቧ በፈረቃ ይሆናል። እንግዳ ማረፊያ ሲያዝ «ታንከር አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አዲስ አበባ ለኖረ ሰው አዲስ ጥያቄ አይደለም። ማርች ላይ ደግሞ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ኔግሪልንና ሞንቴጎ ቤይን ያጥለቀልቋቸዋል፤ እንቅልፍ የሚወድ ወደ ትሬዠር ቢች ይሂድ።

ለተራራ የመጣ ሰው ግን ጃንዋሪን ወይም ፌብሩዋሪን ይያዝ፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። የጃማይካ ጣሪያ ብሉ ማውንቴን ፒክ 2,256 ሜትር ነው። ፒያሳ ያደገ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰፈሩ ከዚያ በላይ ነው። ግን መንገዱ ቀላል አይደለም። ከማቪስ ቤንክ በኋላ ያለው ኮረኮንች ላንድሮቨር መሰል መኪና ይፈልጋል፤ እሱ ፔንላይን ካስል ያደርሳል፣ ከዚያ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሦስት አራት ሰዓት ሽቅብ ነው። የሚነሱት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በባትሪ መብራት ፖርትላንድ ጋፕ ደርሶ አረፍ ይባላል፣ ጫፉ ላይ የሚደረሰው ፀሐይ ሳትወጣ ነው። እንዲህ የሚጣደፉት ለፎቶው ብቻ አይደለም። ረፋዱ ላይ ያው የምሥራቅ ነፋስ ደመናውን አምጥቶ ጫፉን ይሸፍነዋል፤ አራት ሰዓት ላይ የደረሰ ሰው ጭጋግ አይቶ ይመለሳል። ጥርት ባለ ቀን ኩባ እስከ መታየት ይደርሳል። ጫፉ ላይ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሹራብና ላብ ሲነካው የሚቀየር ካናቴራ ያስፈልጋል። በእነዚህ ወራት ቁልቁለቱ ላይ ቡናው ቀልቶ ይለቀማል። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 በቀድሞው ገዥ በኒኮላስ ሎውስ በኩል ነው፤ ከእኛ ጫካ ተነስቶ ስንት አገር ዞሮ እንደደረሰ ማሰብ ለሐበሻ ጎብኚ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ሳርጋሰም የሚሉት ቡናማ የባሕር አረም ከ2011 ወዲህ የመጣ ጣጣ ነው። ከማርችና ኤፕሪል ጀምሮ እስከ ኦገስት ድረስ ባሕሩ ገፍቶ ያመጣዋል፤ ዳርቻው ላይ ሲበሰብስ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። አመጣጡ ከምሥራቅ ስለሆነ ጉዳቱ የሚበዛው በምሥራቅና በደቡብ ዳርቻ ነው፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረው ኔግሪል ይሻላል። በእነዚህ ወራት ለዋና የሚሄድ ሰው ሆቴሉን የሳምንቱን ፎቶ እንዲልክለት ይጠይቅ፤ የዓመት በፊት ፎቶ አይጠቅምም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ቢጠይቀኝ ከኤፕሪል 16 እስከ ሜይ የመጀመሪያ ሳምንት እለዋለሁ። የብዙ ሆቴሎች ውድ ወቅት ኤፕሪል 15 ላይ ያበቃል፣ ተማሪዎቹ ሄደዋል፣ የሰሜኑ ማዕበል ጋብ ብሏል፣ የሜይ ዝናብ ገና እያኮበኮበ ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ዘግይቶ በኤፕሪል ሦስተኛ ሳምንት የሚውልበት ዓመት ከሆነ ግን ያንን ሳምንት ማሳለፍ ነው። ከፋሲካቸው በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ ኪንግስተን ውስጥ ካርኒቫል ስላለ ክፍል ይወደዳል።

ይህ ጊዜ ለእኛ ሰው ሌላም ምክንያት አለው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፓሊሳዶስ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፉት ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዕለት ዝናብ እንደነበረና አውሮፕላኑ ሲመጣ እንዳባራ ራስታዎቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። የራስታ መሪው ሞርቲመር ፕላኖ በሕዝቡ መሀል መንገድ እስኪያስከፍት ንጉሠ ነገሥቱ መውረድ እንኳ አልቻሉም ነበር። ቀኑ ግራውኔሽን ዴይ ተብሎ በየዓመቱ ይከበራል፤ ክላረንደን ውስጥ ስኮትስ ፓስ ባለው ናያቢንጊ የሚባሉት ራስታዎች ማዕከል ከበሮው ሌሊቱን ያድራል። ወደዚያ የምትሄድ ሴት ቀሚስ ለብሳ ፀጉሯን ትሸፍናለች፣ ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይነሳም። ቅዳሴ የሚፈልግ ኪንግስተን ማክስፊልድ አቬኑ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አለለት።

ጉዞው ሁዳዴ ላይ ቢውል እንኳ ምግብ አያሳስብም። ኢታል የሚባለው የራስታዎቹ ምግብ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለበትም፤ ጨው እንኳ የማይነኩ አሉ፣ ያ ዓይነቱ የሚጥመው ግን ከለመዱት በኋላ ነው። አኪ የሚባለው የዛፍ ፍሬ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወቅቱ ከጃንዋሪ እስከ ማርች፣ እንደገና ከጁን እስከ ኦገስት ነው። ቀዩ ቅርፊት ዛፉ ላይ እያለ በራሱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቆ ጥቋቁሮቹ ፍሬዎች ወጣ ማለት አለባቸው፤ የሚበላው ከሥራቸው ያለው ቅቤ የመሰለ ክፍል ብቻ ነው። ከመሀሉ ያለችው ቀላ ያለች ስስ ሽፋን ትወጣለች፣ ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል። ያልተከፈተው ሃይፖግላይሲን የሚባል መርዝ ስላለበት የደም ስኳርን አውርዶ ሰው ይገድላል። ገበያ ላይ ቅርፊቱ የተዘጋ ወይም በግድ የተከፈተ ከቀረበ አለመግዛት ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ሁለቱ ወቅቶች መሀል ስለሆነ የሚገኘው በአብዛኛው የቆርቆሮው ነው፤ ማንጎው ግን ሜይ ላይ ይጀምራል፣ ጁሊ የሚባለውን አለማለፍ ነው።

ቀን ሲመረጥ ጨረቃውም ይታይ። ፋልማውዝ አጠገብ ያለው ሉሚነስ ላጉን፣ ውኃው ሲነካ ሰማያዊ የሚያበራው፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ብርሃኑ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ጨረቃ በጠፋችበት ሳምንት መያዝ ነው። የጁላይና የኦገስት ቲኬት ደግሞ ሆቴሉ ሲረክስ ይወደዳል፤ ከኒው ዮርክ፣ ከቶሮንቶና ከለንደን ጃማይካውያን ለኦገስት 1 እና ለኦገስት 6 በዓላት ወደ አገራቸው ይገባሉ። ለተራራና ለኤፕሪል 21 የሚሄድ ወደ ኪንግስተኑ ኖርማን ማንሊ ይብረር፤ ያው የድሮው ፓሊሳዶስ ነው። ለኔግሪልና ለፋልማውዝ ሞንቴጎ ቤይ ይቀርባል። በምዕራቡ በኩል ክፍል ከመያዙ በፊት ግን ከሜሊሳ በኋላ የትኛው የሆቴሉ ክፍል እንደተጠገነ በጽሑፍ ማስመለስ ጥሩ ነው።