ከብረት ላይ ቁጥር እስከ ሰው ስም፦ የአንድ ጥንታዊ ሪቮልቨር ባለቤቶችን እንዴት እንዳፈላለግሁ

ጥንታዊ ሪቮልቨር (ጥይት የሚጎርሰው ክፍሉ የሚሽከረከር ሽጉጥ) ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አለው፦ «የማን ነበር?» ቀጥሎ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ የሆነ ቦታ ቢገባ የባለቤቶቹ ስም በተራ ተደርድሮ የሚወጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። በአሜሪካ እንኳ እያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር እንዲኖረው በፌዴራል ሕግ ግዴታ የሆነው በ1968 ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎች ቁጥር ይመቱ የነበረው ለራሳቸው ሥራ ነው፦ የአንዱ መሣሪያ ክፍል ከሌላው እንዳይደባለቅ፣ ስንት እንደተሠራና ወደ ማን እንደተላከ እንዲታወቅ። ባለቤቱ ማን እንደሚሆን ፋብሪካውን አያሳስበውም ነበር።

እኔ ታሪኩን የተከተልሁት ሪቮልቨር በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የተሠራ ዌብሊ ነው፤ ሰብሳቢዎች «ደብሊው ጂ አርሚ» የሚሉት፣ 0.455 ኢንች ጥይት የሚጎርስ ዓይነት። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰብሳቢ ናቸው። ከመሣሪያው ጋር አንድ የወረቀት ሣጥንና አንድ ታሪክ ደርሷቸዋል። ታሪኩ፣ ሪቮልቨሩ መስከረም 2 ቀን 1898 ሱዳን ውስጥ በኦምዱርማን ጦርነት ላይ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ታጥቆት ነበር ይላል። እውነት መሆን አለመሆኑን እንዳጣራላቸው ጠየቁኝ።

ማንኛውንም አሮጌ መሣሪያ ከመመርመሬ በፊት ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ይህን ለደንቡ ያህል የምናገረው አይደለም። በተለይ ባሩድና እርሳስ ከፊት ለፊት የሚሞላባቸው የ1850ዎቹና የ1860ዎቹ ሪቮልቨሮች ከመቶ ዓመት በላይ ተሞልተው ተቀምጠው ተገኝተዋል። ባዶነቱን ማረጋገጥ ካልቻልሁ ወደ ባለሙያ ይሄዳል እንጂ እኔ አልነካካውም።

ቁጥር ማንበብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ፍለጋ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። ያረጀ 3 ከ8፣ 1 ከ7 አይለይም፤ መሣሪያው ሲገለበጥ ደግሞ 6 እና 9 ቦታ ይለዋወጣሉ። እኔ ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን እየላሰ እንዲያልፍ አድርጌ አበራለሁ፤ አቅጣጫውን እየቀያየርሁም ፎቶ አነሳለሁ። ስስ ወረቀት አስደግፎ በለስላሳ እርሳስ ማሸትም ዓይን የሳተውን ያወጣል። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ግን ክልክል ነው። ዝገቱ ሲፈገፈግ አብሮ የሚወስደው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ በቁጥሩ ዙሪያ ያለውን ማስረጃም ነው። ቁጥር ብረት ላይ ሲመታ ጠርዙ ላይ ብረቱ በጥቂቱ ያብጣል። ያ እብጠት ከጠፋና አካባቢው ከሌላው ገጽ ይልቅ ዝቅ ካለ፣ ቀድሞ የነበረ ቁጥር ተፍቆ ሌላ ተመትቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ማጭበርበር በተግባር የሚፈጸም ነው። በ1876 በሊትል ቢግሆርን የተሸነፈው የአሜሪካ 7ኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ይዟቸው የነበሩት ኮልቶች (የአሜሪካው የኮልት ፋብሪካ ሪቮልቨሮች) ኤንስወርዝ የተባለ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ፈትሾ ካሳለፋቸው መካከል መሆናቸው ይታወቃል። እሱ ባሳለፋቸው የቁጥር ክልል ውስጥ የሚገኝ ሪቮልቨር ዋጋው ስለሚሰቀል ሰው ቁጥር ይፍቃል፣ ይመታል፣ ያስመስላል። ቁጥሩ ይበልጥ ባማረ መጠን ምርመራዬን አጠብቃለሁ።

በዌብሊው ፍሬም (ዋናው የብረት አካል) ላይ ያለው ቁጥርና ጥይት በሚጎርሰው ሲሊንደር ላይ ያለው አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ደስ ያሰኛል፤ ቢለያዩ ግን ወዲያው «ሐሰተኛ ነው» አልልም ነበር። በ1890ዎቹ የአሜሪካ ጦር አሮጌ ኮልቶቹን ሰብስቦ አፈሙዛቸውን ከ7 ተኩል ወደ 5 ተኩል ኢንች ሲያሳጥር ክፍሎቹን እንደቁጥራቸው መልሶ ለመግጠም አልተጨነቀም። ሰብሳቢዎች «አርቲለሪ» በሚሏቸው በእነዚህ ኮልቶች ላይ የተደባለቀ ቁጥር የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እንዲያውም ሁሉም ቁጥር አንድ ከሆነ ነው ጥያቄ የሚነሳው።

ሌላው የሚያሳስተው የቁጥሩ ዓይነት ነው። በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች ላይ ከዋናው መለያ ቁጥር ሌላ ሠራተኞች ክፍሎቹን ሲገጣጥሙ የሚጠቀሙበት ቁጥር አለ፤ ብዙ ሰው ያንን አንብቦ የማይገናኝ ዓመት ላይ ይደርሳል። አፈሙዝ ላይ የተጻፈው የፈጠራ መብት ቀንም የተሠራበት ቀን አይደለም፤ መሣሪያው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ ሞዴሉን ለይቶ ማወቅ የግድ ነው። ኮልት የ1851ዱን «ኔቪ» ከ1 ጀምሮ ቆጠረ፣ የ1860ውን «አርሚ»ም እንደገና ከ1 ጀመረ፤ በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ የነበረው ፋብሪካው ደግሞ የራሱ ቆጠራ ነበረው። ስለዚህ «ኮልት ቁጥር 12400» ሲባል አንድ መሣሪያ አልተጠራም። ሞዴል የሌለው ቁጥር የአባት ስም እንደሌለው ስም ነው፤ ብዙ ሰው አቤት ይልበታል።

ከዚያ ወደ ምልክቶቹ ዞርሁ። በእንግሊዝና በቤልጅየም መሣሪያ ሳይሸጥ በፊት በይፋዊ መፈተሻ ቤት ተተኩሶ ይሞከራል፤ ካለፈም ማኅተም ይመታበታል። የበርሚንግሃሙ መፈተሻ ቤት በ1813 የተቋቋመ ሲሆን እስከ 1904 ድረስ የተጣመሩ በትረ መንግሥቶች ያሉበትን ማኅተም ይመታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅርጽ መጣ። የቤልጅየሙ ሊየዥም እንዲሁ በ1893 የቀድሞው ሞላላ ማኅተሙ ላይ ዘውድ ጨመረ። እኔ የያዝሁት ዌብሊ በትረ መንግሥቶቹ አሉበት፤ አዲሱ ማኅተም ግን የለበትም። ይህ ሁለት ነገር ይነግራል፦ ከ1904 በፊት ተሞክሯል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በአዲሱ ማኅተም ድጋሚ አልተፈተሸም። የእንግሊዝ ጦር ንብረት መሆኑን የሚያሳየው የቀስት ምልክትም አልነበረበትም። ይህ አያስደንቅም፤ የዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኮንኖች ሪቮልቨራቸውን በራሳቸው ገንዘብ ነበር የሚገዙት።

ዋናውን በር የከፈተልኝ ከሲሊንደሩ በላይ ባለው የፍሬሙ ድልድይ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው፦ «አርሚ ኤንድ ኔቪ ሲ.ኤስ.ኤል.»። ይህ መኮንኖች በ1871 ለንደን ውስጥ ያቋቋሙት የኅብረት ሥራ ማኅበር መደብር ነው። የሚሸጠው ለአባላቱ ነበር፤ ስለዚህ ሽያጩን በስም ይመዘግባል። የጦር መሣሪያ መዝገቦቹም ተርፈው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ።

ይህ ምን ያህል ትልቅ ዕድል እንደሆነ የሚገባው ሌሎቹን ያየ ነው። የካቲት 4 ቀን 1864 የሃርትፎርዱ የኮልት ፋብሪካ ሲቃጠል ብዙ መዝገብ አብሮ ወደመ። መዝገብ በተረፈበትም ቢሆን ከፋብሪካው ቤተ መዛግብት የሚጻፍ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሰው እስከ ጅምላ ነጋዴ ነው፦ መሣሪያው በዚህ ቀን፣ በዚህ አጨራረስ፣ ከሌሎች ጋር አብሮ ኒውዮርክ ወዳለ ነጋዴ ተላከ ይላል። ነጋዴው ለማን እንደሸጠ ፋብሪካው አያውቅም። የተላከበት ቀንም የተሠራበት ቀን አይደለም፤ መሣሪያዎች መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሊቆዩ፣ ትልቁ ቁጥርም ከትንሹ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ደብዳቤው ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። መሣሪያው ሲወጣ ሰማያዊ ቅብ ነበረው ብሎ ከሆነና እጃችሁ ላይ ያለው ኒኬል ከሆነ፣ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው እንደነካካው ታውቃላችሁ።

ለቤተ መዛግብቱ ስጽፍ ቁጥሩን ብቻ አልላክሁም። ሠሪውን፣ ሞዴሉን፣ የጥይቱን መጠን፣ የጽሑፉንና የማኅተሞቹን ፎቶ አያያዝሁ። መዝገብ የሚፈልገው ሰው መሣሪያውን አያየውም፤ በቁጥሩ ላይ የሚያገኘው መሣሪያ የእኔው መሆኑን ማመሳከር የሚችለው በእነዚህ ብቻ ነው። መልሱ ሲመጣ ቁጥሩ፣ ዓይነቱ፣ የሽያጩ ቀንና የገዢው ማዕረግና ስም ነበረው፦ አንድ የመቶ አለቃ፣ በ1899 መጸው። ዘመዶቹ በሕይወት ሊኖሩ ስለሚችሉ ስሙን እዚህ አልጽፍም።

ኦምዱርማን በዚያች መስመር ወደቀ። መሣሪያው ከመደብር የወጣው ጦርነቱ ካለቀ ከዓመት በኋላ ነው።

ስም መገኘቱ ግን የፍለጋው ግማሽ ነው። በጦሩ ውስጥ ያ የአባት ስምና ያ የመጀመሪያ ፊደል ያላቸው ሁለት መኮንኖች ነበሩ። የለየልኝ የታተመው የመኮንኖች ዝርዝር ነው። ማዕረግ የተሰጠበትን ቀን ስለሚጽፍ፣ አንደኛው በሽያጩ ቀን ሻምበል ሆኖ እንደነበር አሳየኝ፤ የመቶ አለቃው ሌላኛው ብቻ ነው። ቀጥሎ በለንደን ኪው ወደሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድሁ። «ደብሊው ኦ 100» በሚባለው የዘመቻ ሜዳይ መዝገብ ውስጥ ሰውየው በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ተሳትፎ ተገኘ። በ1899 መጸው ሪቮልቨር የገዛ የመቶ አለቃ ወዴት እየሄደ እንደነበር ከዚህ በላይ አስረጂ አያሻም። ይዞት መዝመቱን ግን አልጻፍሁም። መዝገቡ የሚለው «ገዛ» ነው፤ ሜዳዩ የሚለው «ዘመተ» ነው። ሁለቱን የሚያያይዝ ወረቀት እስካልተገኘ ድረስ ግምት ነው፤ ጠንካራ ግምት፣ ግን ግምት።

እዚህ ላይ የአሜሪካዊውን ሸሪፍ የፓት ጋሬትን ኮልት ሳላነሳ አላልፍም። ቢሊ ዘ ኪድ የተባለው ሽፍታ በ1881 የተገደለበት፣ መለያ ቁጥሩ 55093 የሆነው ሪቮልቨር በ2021 በቦንሃምስ ጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሞዴሉ ብርቅ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ተሠርቷል። ዋጋውን የሰቀለው ሰነዱ ነው። ጋሬት ከሞተ በኋላ ሚስቱ ሪቮልቨሩን ለማስመለስ በ1930ዎቹ ቴክሳስ ውስጥ ተሟግታ አሸንፋለች። የመሣሪያው ባለቤትነት በፍርድ ቤት ክርክር ሲነሳ ከየትኛውም የቤተሰብ ትረካ የበለጠ ምስክር ይተዋል። ስለዚህ እኔም ከወታደራዊ መዝገብ ጎን ለጎን የፍርድ ቤትና የኑዛዜ ወረቀት እፈልጋለሁ። በእንግሊዝና ዌልስ ከ1858 ጀምሮ የኑዛዜ ማውጫ ስላለ የመኮንኔን የሞት ዓመት ከዚያ፣ የወራሹን ስም ደግሞ ከኑዛዜው አገኘሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፍተት የሞላው እንግዳ ቤተ መዛግብት ሳይሆን ያ የወረቀት ሣጥን ነው። እንግሊዝ በ1920 ባወጣችው ሕግ ሽጉጥ መያዝ ከፖሊስ የምስክር ወረቀት ይፈልግ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ከድሮ ደረሰኞች መካከል ታጥፎ የተቀመጠ አንድ የምስክር ወረቀት ነበር። ያዡ ከወራሹ ጋር አንድ ሰው ነው፤ የመሣሪያው ሠሪ፣ መጠንና ቁጥርም ከብረቱ ጋር ገጠመ። ባለቤቱ ወረቀቱን ለዓመታት ሲያዩት ኖረዋል፤ የጥይት ደረሰኝ መስሏቸው ነበር። መሣሪያ ስትገዙ ሣጥኑን፣ ማኅደሩን፣ የተቀዳደደውን ወረቀት ሁሉ አብራችሁ ጠይቁ። ሻጮች እንደ ቆሻሻ የሚጥሉት ያንን ነው፤ አንዴ ከመሣሪያው ከተለየ ደግሞ መልሶ የሚያገናኘው የለም።

ያገኘሁትን ስጽፍ እያንዳንዱን ቅብብል ከሦስት በአንዱ ምልክት አደረግሁበት፦ ቁጥሩ ሰነድ ላይ ካለ «የተረጋገጠ»፣ ሰውየው ታውቆ ቁጥሩ ከሌለ «የሚመስል»፣ ከአፍ ብቻ ከመጣ «የተነገረ»። የ1899ኙ ሽያጭና የ1920ዎቹ የምስክር ወረቀት የተረጋገጡ ናቸው። ከመኮንኑ ወደ ወራሹ መተላለፉ የሚመስል ነው፤ ኑዛዜው ሪቮልቨሩን በስም አይጠራውም። ኦምዱርማንንም ከፋይሉ አላወጣሁትም፤ «የተነገረ፣ ከሽያጩ ቀን ጋር የሚጋጭ» ብዬ ተውሁት። ምናልባት ታሪኩ የሌላ መሣሪያ ይሆናል፤ አንድ ቀን ያኛው ቢገኝ ይህ መስመር ያስፈልጋል።

ለባለቤቱ ይህን መንገር ከብዶኝ ነበር። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነበቡና «እንግዲህ ሰውየው ስም አለው» አሉኝ። ደስ ያላቸው በስሙ ነው፤ ጦርነቱን አላነሱትም።

አሁን የቀረው ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ባለቤቱ ሪቮልቨሩን ያገኙት በጨረታ ሲሆን፣ አጫራቹ ድርጅት የሻጩን ማንነት እንደማይገልጽ ጽፎልኛል። ደብዳቤዬን ለሻጩ እንዲያስተላልፉልኝ ለምኛቸው ተስማምተዋል፤ በፋይሉ ላይ ያ ዘመን «ሰነድ የለም» ተብሎ ባዶ ተትቷል።