ናፍጣው በየትኛው ኮድ?

ከሐረር ወጣ ብላ ካለች ቀበሌ ተደወለልኝ። ደህና ሲግጥ የዋለ በሬ ማታ ወድቆ ሞቷል። ስደርስ ሆዱ ተነፍቷል፤ ገላው ግን አልደረቀም። ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ይወርዳል። ይህን ያየ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሬሳውን ለመክፈት ቢላ አያወጣም። ጓንቴን አጥልቄ ከጆሮው ደም ስር በማይክሮስኮፕ ለሚታይ ስላይድ የምትበቃ ጠብታ ወሰድኩና "ማንም እንዳይነካው!" አልኩ።

ባለቤቱ ወዲያው ገባው። ያልገባው አለቃዬ ነው።

"አባ ሰንጋ ይመስላል፤ ለማቃጠያ እንጨትና ናፍጣ እፈልጋለሁ" አልኩት በስልክ።

"ሳትከፍቺው እንዴት አወቅሽ?"

"ጋሼ፣ የማልከፍተው እኮ ስለጠረጠርኩ ነው።"

ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ናፍጣውን በየትኛው የበጀት ኮድ እናወጣዋለን?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"ስሚ፣ ያለሽው ሐረር ነው። ለጅብ ተይው። ጠዋት አጥንቱንም አታገኚው።"

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ደሜ ፈላ። የእንስሳት ጤና የተማረ ሰው ነው እኮ! ጀርሙ ባልተከፈተ ሬሳ ውስጥ እንደተዘጋ ከቀረ፣ ሬሳው ሲበሰብስ አብዛኛው ይሞታል። ጅብ ዘንጥሎት አየር ካገኘ ግን ስፖር፣ ማለትም ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛ ጀርም፣ ሆኖ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እዚያ የሚግጥ ከብት ይታመማል፤ ከዚያ ቆዳውን የሚገፈው፣ ሥጋውን የሚካፈለው ሰው። መቀቀልም አያስተማምንም።

በሬውን በገመድ ጎትተው የነበሩትን ወጣቶች በሳሙና በደንብ አስታጥቤ ወደ ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። "የማያም፣ መሃሉ የጠቆረ ቁስል ከወጣባችሁ በሌሊትም ቢሆን ሂዱ" አልኳቸው።

"አቦ፣ ካላመመኝ ምን ያስሮጠኛል?" አለኝ አንዱ።

ከአለቃዬ ጥያቄ ይሻላል። ቁስሉ ካልታከመ ወደ ደም ገብቶ እንደሚገድል ነገርኩት። ሄደ።

ናፍጣው በሰፈሩ ሰው መዋጮ ተገዛ። ለቅርጫ የሚዋጣ ብር ለእሳት ዋለ። በሬው ተቃጠለ፣ የአካባቢው ከብት ተከተበ። ሪፖርቱ ላይ "ጽሕፈት ቤቱ በወሰደው ፈጣን እርምጃ" የሚል ሐረግ አነበብኩ። እሺ ይሁን።

በኋላ ሥልጠና ተዘጋጀ። አሠልጣኙ አለቃዬ ነው። "ሬሳን ለአውሬ መተው ክልክል ነው" የሚለውን በቀይ ጽፎታል። አንድ አዲስ ተቀጣሪ እጁን አወጣ፦ "ለማቃጠያው ናፍጣ ከየት ይመጣል?"

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። "እሱን እሷ ታብራራለች" አለ።