የአያቴን ቀለህ እስክሪብቶ ሳደርገው ያጠፋሁት ጥፋት

ይሄን የምጽፈው ከጥይት ቀለህ የሚዞር እስክሪብቶ መሥራት ለሚያስብ ሰው ነው፣ በተለይ ደግሞ ቀለሁ አንድ ብቻ ከሆነና ምትክ የማይገኝለት ከሆነ። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ ገባሁበት፣ ቀድሞ የነገረኝም አልነበረም፣ እና አሁንም እስክሪብቶውን አባቴ ደረት ኪስ ላይ ሳየው ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ።

አያቴ ኮሪያ ዘምተዋል። ሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ውስጥ ነበሩ፣ በ1945 ማለት ነው፣ ሐምሌ 20 ተኩስ ሲቆም እዛው ነበሩ። ይዘው የተመለሱት ነገር ብዙ አይደለም፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ሜዳይ እና አንድ የኤም ዋን ጠመንጃ ቀለህ። ኤም ዋን ስምንት ጥይት ነው የሚጎርሰው፣ ስምንተኛው ሲተኮስ ጥይቶቹን አቅፎ የያዘው ብረት ቲንግ ብሎ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ አያቴ ይቺን ድምፅ በአፋቸው እያሰሙ ነበር ማታ ማታ የሚያወሩልን። ቀለሁ ቂጡ ላይ ዙሪያውን ኤል ሲ እና 52 የሚል ተቀርጾበታል። ኤል ሲ ማለት ሌክ ሲቲ ነው፣ ሚዙሪ ውስጥ ያለው የአሜሪካ ጦር የጥይት ፋብሪካ፣ 52 ደግሞ የተሠራበት ዓመት በፈረንጆቹ። አያቴ ካረፉ በኋላ አባቴ መሳቢያው ውስጥ ከመነጽሩ ጋር አስቀምጦት ኖረ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ያለ እስክሪብቶ ከቤት አይወጣም፣ እና ለገና ከቀለሁ እስክሪብቶ ልሥራለት ብዬ ለእናቴ ብቻ ነግሬ ከመሳቢያው አወጣሁት።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ይሄ ላይ ቀልድ የለም። የምትሠሩበት ቀለህ የተተኮሰ መሆን አለበት፣ ቂጡ መሀል ያለችው ትንሿ ክብ ላይ መርፌው የመታበት ጎድጓዳ ምልክት በግልጽ መታየት አለበት፣ ምልክቱ ከሌለ አትንኩት። አረሩ ያልወጣለትን ጥይት ፈታትቼ እሠራለሁ የሚል ሰው ካለ ይተወው። ትግራይም አማራም አፋርም ከጦርነቱ የተረፈ ያልፈነዳ ነገር ሜዳ ላይ አለ፣ ልጆች እያነሱት እጃቸውንም ሕይወታቸውንም አጥተዋል፣ ስለዚህ መሬት ላይ ያያችሁትን ብረት ሁሉ ለእስክሪብቶ ብላችሁ እንዳታነሱ። ሌላው፣ ቀለህ ውስጥ የሚቀረው ጥቀርሻ እርሳስ አለበት፣ በደረቁ አትፈትጉት፣ እጃችሁንም ሳትታጠቡ እንጀራ አትንኩ።

የእስክሪብቶው የውስጥ ዕቃ እዚህ አይገኝም፣ የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ሲመጣ አመጣልኝ። ስሊምላይን የሚባለው ነው፣ ውስጡ 7 ሚሊ ውፍረት ያላቸው ሁለት የነሐስ ቱቦዎች፣ ጫፉ፣ የሚዞረው ማሽን፣ የመሀሉ ቀለበትና ቀለሙ አለ። ቀለሙ ክሮስ የሚባለው ቀጭኑ ነው። ስታስመጡ ትርፍ ቀለም አብራችሁ አስመጡ፣ እኔ አንድ ብቻ ነበር የመጣልኝ።

ማጽዳቱ ቀላል ነው፣ ሎሚና ጨው፣ አምስት ደቂቃ፣ ከዛ በደንብ ማጠብ። ሎሚው ውስጥ ማሳደር ግን አይሆንም፣ ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው፣ አሲዱ ዚንኩን ይበላውና ቀለሁ ሮዝ መልክ ይዞ ይቀራል። የታችኛውን ግማሽ ከወይራ ነው የሠራሁት፣ እናቴ እንስራ ከምታጥንበት ፍልጥ መሀል ቀጥ ያለውን መርጬ፣ በ7 ሚሊ ፑንታ በስቼ፣ ቱቦውን አጣብቄ፣ ድሪል ላይ አስሬ እያሽከረከርኩ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ሲበሳ የሚወጣው ሽታ ቤቱን ሁሉ ጠጅ የተጣለበት ቤት አስመሰለው። እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም።

አሁን ወደ ቀለሁ።

እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ቱቦው ቀለሁን ከዳር እስከ ዳር እንዲያልፍ ቂጡን በ7 ሚሊ መብሳት ነው። የቀለህ ቂጥ እንደ ጎኑ ስስ አይደለም፣ ድፍን ነሐስ ነው፣ ስለዚህ ቶርኖ ላይ ቢሠራ ይሻላል ብዬ መርካቶ አካባቢ ያሉ አንድ ጋሼ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ና ብለውኛል። በመንገዴ ኢፖክሲ ልግዛ ብዬ አንድ ሕንፃ ስገባ ፍተሻው ላይ ቀለሁ ከኪሴ ወጣ። ጥበቃው «ወንድሜ ይሄ ምንድነው?» አለኝ፣ ቀለህ ነው አልኩት፣ «ጥይቱስ የት አለ?» አለ። ከሰባ ዓመት በፊት ኮሪያ የተተኮሰ ነው፣ የአያቴ ነው፣ ይኸው መርፌው የመታበት ብዬ አሳየሁት። አላየልኝም። አለቃው ተጠራ፣ አለቃው ደግሞ ሌላ ሰው ጠራ፣ አንዱ የጠየቀኝን ሌላው ከመጀመሪያው ይጠይቀኛል፣ ፈቃድ አለህ ወይ፣ ማን ሰጠህ፣ ምን ልታደርግበት ነው፣ እስክሪብቶ ልሠራበት ስል እየዋሸሁ መሰላቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሥራቸውን መሥራታቸው አይደለም ያናደደኝ፣ መጠርጠራቸው ልክ ነው፣ የሚያናድደው ግን አንድም ሰው አንስቶ አለማየቱ ነው፣ ባዶውን ብረት በናፕኪን ጠቅልለው እንደ ቦምብ ራቅ አድርገው አስቀምጠውት፣ የአያቴን ስምና ክፍለ ጦር ስነግራቸው አንዱ ስልኩን እየነካካ ነበር። በመጨረሻ ይዘህ ሂድ አሉኝ፣ ይቅርታ የለ ምን የለ።

እናንተ ቀለሁን ይዛችሁ ከወጣችሁ ቀጥታ ወደ ምትሄዱበት ቦታ ብቻ ሂዱ፣ የትም አትግቡ። ከተቻለ ጨርሶ ከቤት አታውጡት።

ጋሼ ጋ ስደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፣ ዘግተው ሄደዋል። ስደውል ነገ ጠዋት ና አሉኝ። እና እኔ ያንን አንድ ሌሊት መታገስ አቃተኝ። ይሄን ነው ለራሴ ይቅር ማለት ያልቻልኩት፣ ገና ሊደርስ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር እኮ፣ ማንም አላስቸኮለኝም፣ ፍተሻው ላይ የያዘኝን ንዴት ይዤ ነው ወደ ሰፈር የተመለስኩት። ጎረቤታችን የብረት በር የሚሠራ ልጅ አለ፣ ቁም ድሪል አለው፣ እሱ ራሱ «ነሐስ ላይ ሠርቼ አላውቅም፣ ነገ ይሁን» ብሎኛል፣ እኔ ነኝ ግድ የለም ስጠኝ ያልኩት።

ቀለሁን ጎኑን ይዤ ሞርሳ ላይ አሰርኩት። የመጀመሪያው ስህተት። የቀለህ ጎን ስስ ነው፣ ሞርሳው ሲጠብቅ ድምፅ እንኳን ሳያሰማ ወደ እንቁላል ቅርጽ ሄደ፣ እኔ ደግሞ ጠበቀ ብዬ ደስ አለኝ። ከዛ ቂጡ ላይ ያለው፣ ትንሿ ክብ የምትቀመጥበት ጉድጓድ 5 ሚሊ ተኩል የማይሞላ ነው፣ እሱን ወደ 7 ለማስፋት የመሠሪያ ወረቀቱም ቪዲዮዎቹም በትንሽ በትንሹ እያሰፋችሁ ሂዱ ነው የሚሉት። 6 አስገባሁ፣ ትንሽ ነጠቅ አደረገው ግን አለፈ። 7 አስገባሁ። ገና ጫፉ እንደነካ ፑንታው ነሐሱን ነከሰው፣ እንደ ብሎን ራሱን እየጠመዘዘ ወደ ውስጥ ሳበው፣ ቀለሁ ከሞርሳው ተነቅሎ ፑንታው ላይ ተሰክቶ መሽከርከር ጀመረ፣ እኔ ማጥፊያውን እስክነካ ድረስ አፉ የድሪሉን ብረት ምሰሶ ስንት ጊዜ እንደመታው አላውቅም። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ አይሞላም።

ሲቆም አነሳሁት። ይሞቃል። አፉ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። ቂጡ ላይ ያለው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ተቦጭቋል፣ ከቀዳዳው ተነስቶ እስከ ጠርዙ የሚሄድ ጭረት አለ፣ ጭረቱ ያለፈው ልክ በ5 ቁጥሯ ላይ ነው። ኤል ሲ ይነበባል፣ 2 ይነበባል፣ 5 የለችም። አያቴም አባቴም ሰባ ዓመት ገደማ ሳይጭሩት ያቆዩትን ነገር ነው።

ምክንያቱን በኋላ ጋሼ ናቸው በደንብ ያስረዱኝ። ለብረት የተሳለ ፑንታ አፉ ወደ ፊት ያዘነበለ ስለት አለው፣ ብረት ላይ ይሄ ጥሩ ነው፣ ነሐስ ላይ ግን ስለቱ ይሰምጥና ራሱን ይጎትታል፣ ቀድሞ የተበሳ ጉድጓድ ስታሰፉ ደግሞ ከመሀል የሚደግፈው ነገር ስለሌለ የባሰ ይነጥቃል። ስለዚህ በትንሽ በትንሹ አስፉ የሚለው ምክር ስለቱ ሳይነካ ከተደረገ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፣ ማንም ይበለው እኔ አልቀበለውም። መድኃኒቱ የፑንታውን ስለት በመሳያ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ጠርዙን ጠፍጣፋ ማድረግ ነው፣ ያኔ ይፍቃል እንጂ አይነክስም። ጋሼ ይሄን ፊቴ ላይ በቁራጭ ነሐስ አሳዩኝ፣ ስለቱ እንዳለ ሲሆን ነጠቀው፣ ጠርዙ ሲነካ እንደ ቅቤ ገባ፣ ጠቅላላ ሥራው አንድ ደቂቃ አይሆንም። አያያዙም ሌላ ነው፣ አንድ ጣውላ በ12 ሚሊ ትበሱና መሀል ለመሀል በሲጌቶ ትሰነጥቁታላችሁ፣ ቀለሁ እሱ ውስጥ ገብቶ ጣውላው ነው ሞርሳ ላይ የሚታሰረው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ጋሼ ቀለሁን እያገላበጡ «ለመሆኑ ቂጡን ለምን ወጋኸው?» አሉኝ። ቱቦው እንዲያልፍ አልኳቸው። «ለምን ያልፋል? በአፉ አስገባው፣ ቂጡ ወደ ላይ ሆኖ ክዳን ይሁንህ» አሉ። ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። ቀለሁ የላይኛው ግማሽ ከሆነ፣ አፉ ወደ ታች ወደ መሀሉ ቀለበት፣ ቂጡ ወደ ላይ፣ መበሳት የሚባል ነገር ጨርሶ አያስፈልግም። የተተኮሰ የኤም ዋን ቀለህ አፉ ከውስጥ ወደ 8 ሚሊ ነው፣ 7 ሚሊ ቱቦ ገብቶ ትንሽ ይተርፈዋል፣ የውጭ ስፋቱም ከመሀሉ ቀለበት ጋር ለጥቂት ነው የሚለየው። ጽሑፉም አናት ላይ ቁጭ ብሎ ይታይ ነበር። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ደርሼ ቢሆን ኖሮ ይሄን ከመበሳቱ በፊት ይነግሩኝ ነበር።

ለአባቴ መደበቅ አልቻልኩም። ማታውኑ እጄ ላይ አስቀምጬ አሳየሁት፣ አባዬ ይሄን አደረግኩ አልኩት። መነጽሩን አደረገ፣ ወደ መብራቱ አዙሮ ቂጡን አነበበው፣ ጭረቱን በጥፍሩ ሄደበት። ረጅም ሰዓት ነው ያየው። ከዛ መልሶ ሰጠኝና «እራት በላህ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም፣ እኔ ደግሞ ቢቆጣኝ ነበር የሚሻለኝ።

ማስተካከሉን ጋሼ ቶርኖ ቤት ነው የሠራሁት፣ እሳቸው እያሳዩኝ። ነሐስ ሲመታና ሲታጠፍ ይደርቃል፣ እንዲሁ ልመልስህ ካላችሁት ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ አፉን ብቻ እሳት ላይ ማለስለስ ያስፈልጋል። ቂጡን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ አፉን ጋዝ ነበልባል ላይ ማዞር፣ ክፍሉ ጨለም ቢል ይመረጣል፣ መልኩ መለወጥ ሲጀምር ውሃ ውስጥ። እንደ ብረት ውሃው አያጠነክረውም፣ ለስልሶ ነው የሚቀረው። ከዛ የ8 ሚሊ ፑንታ ለስላሳውን ጎን ቀስ እያልኩ አስገብቼ ከውጭ በእንጨት መዶሻ ነካ ነካ እያደረግኩ አፉን መለስኩት። ሞርሳው የጨፈለቀው ጎኑ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል።

ቱቦው ላይ በኢፖክሲ የተነከረ ክር ጠምጥሜ በአፉ አስገባሁት፣ ክሩ ክፍተቱን ይሞላና ቱቦውን መሀል ያደርገዋል። ወረቀቱ ሱፐር ግሉ ይላል፣ አትስሙት፣ ሱፐር ግሉ ቱቦው ግማሽ ላይ ሳለ ይደርቅና ወደፊትም ወደኋላም አይልም፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተጠቀሙና አሳድሩት። የሚዞረውን ማሽን ደግሞ ሞርሳ ላይ በሁለት እንጨት መሀል አድርጋችሁ በጣም በትንሹ እየገፋችሁ እያያችሁ አስገቡ፣ ካለፈ መልሶ አይወጣም፣ የቀለሙም ጫፍ ተዘግቶ እንኳን ውጭ ይቀራል። ቫርኒሽ አልቀባሁትም፣ ሁሉም ቅቡ ይላል፣ እኔ ግን ነሐስ በእጅ ቢጠቁር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቂጡ ላይ የተቦጨቀውን ቀዳዳ በወይራ ደፈንኩት፣ ከታችኛው ግማሽ ከተረፈው ቁራጭ። ጠቆር ያለ ነጥብ ሆኖ ይታያል፣ ዙሪያውን ኤል ሲ፣ ጭረት፣ 2።

ለገና ሰጠሁት። አባቴ አንዴ አዞረው፣ ጫፉ ወጣ፣ መልሶ አዞረው ገባ፣ ከጋዜጣው ጠርዝ ላይ የአያቴን ሙሉ ስም ከነማዕረጋቸው ጻፈበት። ከዛ ወዲህ ከኪሱ አልወጣም፣ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሲሄድም ይዞት ነው የሚሄደው። ባለፈው ሳምንት ቀለሙ አለቀ። ሦስት የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ዞርኩ፣ ክሮስ የለም፣ ለአክስቴ ልጅ አሥር ፍሬ እንዲልክ ጽፌለታለሁ፣ አባቴ እስከዛው ባዶውን ይዞት ይዞራል።