አሰላ፣ ብርዱና መሰናክል የሚዘለው ልጅ

ከቃሊቲ የተነሳንበት ሚኒባስ ረዳት ለቦርሳዬ 150 ብር ጠየቀኝ። ቦርሳዋ እግሬ መሃል ናት። የማንንም ቦታ አልያዘችም። “ምን ስለሆነች ነው የምከፍላት?” ብለው “ፋዘር፣ ዕቃ ዕቃ ነው” አለኝ። ተጨቃጭቀን መቶ ላይ ቆምን። ከብሩ ይልቅ “ፋዘር” መባሌ ነው ያበገነኝ። ገርጂ ቢሆን ወርጄ ሌላ ታክሲ እይዝ ነበር። እኔ ለአሥር ብር ስል አንድ ፌርማታ በእግሬ የምሄድ ሰው ነኝ። አሰላ ድረስ ግን በእግር አይኬድም።

እስከ አዳማ ያለውን መንገድ ተኝቼ ጨረስኩት። የነቃሁት ኢተያን አልፈን ሽቅቡን ስንያያዘው ነው። ጆሮዬ ተደፍኗል። በግራ በኩል ጭላሎ ደመና ተከናንቧል። ሚያዝያ ስለሆነ በልጉ ሌሊቱን ጥሎ ነበር፤ በመስኮት የሚገባው የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። እኛ ሰፈር ሲዘንብ የሚሸተው ቱቦ ነው።

የመጣሁት አንድ ልጅ ለማየት ነው። አሰላ ውስጥ ታዳጊዎች የሚያሰለጥን የልጅነት ጓደኛ አለኝ። “3 ሺህ ሜትር መሰናክል የሚሮጥ ልጅ አግኝቻለሁ። መጥተህ እየውና ለዘንድሮ ትልልቅ ውድድሮች ይደርሳል፣ አይደርስም በለኝ” አለኝ። እኔ አሰልጣኝ አይደለሁም። ግን ሰው ሁሉ ለ10 ሺህና ለማራቶን ሲጮህ፣ መሰናክል ላይ አፍጥጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጓደኛዬም ይህንን አመሌን ያውቃል።

አመሌ ምክንያት አለው። እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ ካመጣልን ወዲህ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ብሩም ነሐሱም መጥቷል። ወርቅ ግን በኦሊምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም በዚህ ርቀት የለንም። በወንዱም በሴቱም። በሌላው የረጅም ርቀት ሩጫ ወርቅ የለመደ አገር ይቺ አንዷ እንዴት እምቢ እንዳለችው ይገርመኛል።

ያደርኩበትን ቤት ስም አልናገርም። አልጋው 700 ብር ነው። “ሙቅ ውሃ አለ?” ስል “አለ” አሉኝ። ነበረም፣ አንድ ጆግ እስኪሞላ ድረስ። ከስር ያለው ግሮሰሪ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ዘፈኑን አልቀነሰም። እሱ ሲያበቃ ብርዱ ተረከበኝ። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት ሲባል እሰማ ነበር። እኔም የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፣ ብርድ አውቃለሁ ብዬ ነበር። የተሰጠኝ ብርድ ልብስ ግን ከአንሶላ ብዙም አይለይም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ወረድኩ። ዘበኛው ከሰል አያይዘው ተቀምጠዋል። ምንም ሳልል ትርፍ ጋቢ አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና “ቁጭ በል ልጄ” አሉኝ። ከፋዘር ወደ ልጄ መመለሴ ደስ አለኝ። ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ተነቃቁ። የ2019ኙን የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የመሰናክል ፍጻሜ የሚያወሩት ትናንት እንደሆነ አድርገው ነው። ለሜቻ ግርማ የከተማቸው ልጅ ነው፤ ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ኬንያዊው ኪፕሩቶ 8:01.35 ገባ፣ ለሜቻ 8:01.36። “አንገቱን ትንሽ ቢያስግግ ኖሮ!” አሉና የራሳቸውን አንገት አስግገው አሳዩኝ። ጋቢውን ጠዋት ስመልስ ለሻይ ብዬ የዘረጋሁላቸውን ብር አልቀበል አሉኝ። ረዳቱን ልልክላቸውና እንዲያስተምሩት አማረኝ።

ሜዳው ከከተማው ወጣ ይላል። ሣር ነው፣ በዚያ ላይ ጭቃ። መሰናክሎቹ ከባህር ዛፍ የተሠሩ ናቸው። ጓደኛዬ ሜትር ይዞ የወንዶቹን ልክ፣ 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ አስጠብቋቸዋል። ውሃው መሰናክል የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ፕላስቲክ ተነጥፎበት ዝናብ ሞልቶታል። ዳር ላይ እንቁራሪት ነበረች።

የልጁን ስም አልጽፍም። 17 ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጉልበቱ ላይ የቆየ ጠባሳ ያለበት። “ደህና አደሩ ጋሼ” ብሎኝ ማሟሟቁን ቀጠለ።

መጀመሪያ ያለ መሰናክል ሮጠ። እውነቱን ልናገር፣ አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ትከሻው አይነቃነቅም። የመጨረሻውን ዙር ሲለቀው ከእኩዮቹ ጋር መሆኑ ቀረና ብቻውን ሆነ። ጓደኛዬ በእጅ ሰዓት የያዘለትን አሳየኝ። ያማረ ነው፤ ግን እዚህ አልጽፈውም። ዙሩ በእርምጃ በተለካ ጭቃ ላይ የተያዘ ሰዓት ለወሬ እንጂ ለፍርድ አይሆንም።

ቀጥሎ መሰናክሉ መጣ። ውሃው ላይ ጎበዝ ነው። ግንዱን በእግሩ ፊት ይረግጥና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ፊት ይወረወራል። ጉድጓዱ ጥልቀቱ ከግንዱ ስር ነው፤ ወደ ፊት እየሄደ ይሳሳል። ስለዚህ የሚርቅ ሰው አንድ እግሩን ብቻ አርሶ ይወጣል። ልጁ እንደዚያ ነው የሚወጣው። ማን እንዳስተማረው ስጠይቅ ጓደኛዬ “ወንዝ” አለኝ። ልጁ ትምህርት ቤት የሚሄደው ወንዝ እየዘለለ ነበር።

ደረቁ መሰናክል ላይ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጥቂት ሜትር ሲቀረው እርምጃውን ይቆራርጣል። ቆራርጦም ቢሆን የሚነሳው በግራ እግሩ ብቻ ነው። ቀኙ ከመጣለት እንደገና ይቆራርጣል። በአንድ ውድድር 28 ደረቅ መሰናክልና 7 የውሃ መሰናክል አለ። በየአንዳንዱ የምትባክነውን ቁራጭ እርምጃ ደምሯት።

ይህ ይታረማል። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ልጁ ሁልጊዜ ብቻውን ነው የሚዘለው። ከእኩዮቹ ስለሚፈጥን ከፊቱ ማንም የለም። “ከእኩዮቹ ሦስቱን አንድ ዙር አስቀድማቸውና መሃላቸው አስገባው” አልኩት ጓደኛዬን። አስገባው። ሁለተኛው መሰናክል ላይ ከፊቱ ያለው ልጅ ሲዘል ግንዱ ተሸፈነበት። ቆመ ማለት ይቻላል። እጁን ግንዱ ላይ ጥሎ እንደ አጥር ተሻገረው። ብዙ ሜትር ተቀደመ። በፍጥነቱ ደረሰባቸው፣ ግን ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

የውድድር ሜዳው መሰናክል ደግሞ እንደ 110 ሜትሩ ሲነኩት አይወድቅም። 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። የሚወድቀው ሰውየው ነው። ለሜቻ ራሱ፣ በ2023 ፓሪስ ላይ በ7:52.11 የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረው ሰው፣ በዓመቱ እዚያው ፓሪስ በኦሊምፒኩ ፍጻሜ መጨረሻ ዙር ላይ መሰናክል መትቶት በቃሬዛ ወጣ።

ምሳ የልጁ እናት ቤት ነበር። ጩኮ ቀረበ። ቅቤው ጣት ላይ የሚቀር ዓይነት። አዲስ አበባ ውስጥ ጩኮ ተብሎ የሚሸጥልኝ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ይሄ ግን አይደለም። እናትየው ጨምር እያሉ እኔም እየጨመርኩ ስለ ሩጫ ያወራው አጎትየው ነው። ማናጀር ተገኝቶ ልጁ ቶሎ አውሮፓ ቢወጣ፣ ኋላም ማራቶን ቢሮጥ ይሻላል ባይ ነው። አልፈርድበትም። ገንዘቡ ያለው የጎዳና ሩጫ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ደግሞ ቸኩሏል። “ኬንያዊው ኤድመንድ ሰረም በ2025 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ የወሰደው በ17 ዓመቱ አይደለም እንዴ?” አለኝ። ነው። ግን ሩጫውን ላስታውሰው። አሸናፊው ኒውዚላንዳዊ ቢሚሽ የገባው በ8:33.88 ነበር፤ ሞሮኳዊውን ኤል ባካሊን የበለጠው በመቶኛ ሰከንዶች ነው። እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ሩጫ ላይ ሁሉም ተጠጋግቶ ነው የሚሮጠው። መሰናክሉ የሚታየው እግር ስር ሲደርስ ነው። ሰረም ከፈጣኑ ሰዓት በላይ የጠቀመው በዚያ ግፊያ መሃል አለመደንገጡ ነው። እኛ ግን ጎበዞች የሆንነው በአሯሯጭ በሚመራ ፈጣን ሩጫ ላይ ነው። አሜሪካ፣ ዩጂን ላይ የተካሄደው የ2022 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜም በዝግታ ሄዶ ለሜቻ በ8:26.01 ብር ነው የወሰደው።

ስለዚህ ያልኳቸው ይህ ነው። ልጁ ለዘንድሮ የብሔራዊ ቡድን ምርጫ ይግባ። ሚኒማውን (ለመሳተፍ የሚጠየቀውን ሰዓት) ካሟላና ከተመረጠ በ2026 ነሐሴ ላይ እዚያው ዩጂን ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና አለ፤ ፍጻሜ መግባት ይችላል። ሜዳሊያ ግን አሁን ባለው አዘላለል አይታየኝም። ከአዋቂዎቹ ጋር ዘንድሮ አይነካካ። ሲምቦ አለማየሁ በ2022 ኮሎምቢያ፣ ካሊ ላይ በዚሁ የታዳጊዎች ሻምፒዮና ብር ወሰደች፤ በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ ያገኘችው በ2025 ቶኪዮ ነው። ሦስት ዓመት። አጎትየው ሦስት ዓመት ሲባል ቡናውን አስቀመጠ። ልጁ ግን ከጥግ ሆኖ “ቀኝ እግሬን በምን ላስለምደው ጋሼ?” አለኝ። በዝቅተኛ መሰናክል፣ በቀስታ፣ በየቀኑ አልኩት። ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኸኛው ነው።

በመልሱ ጉዞ የቦርሳ ሂሳብ የጠየቀኝ የለም። ወሬም አልነበረም፤ ከኋላዬ የተቀመጠች ዶሮ ብቻ ነበረች።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ደወለ። ልጁን ከሦስቱ ጋር አጋፍቶ እያዘለለው ነው። በሁለተኛው ቀን ጉልበቱን ግንዱ መታውና አጎትየው ሜዳ ድረስ መጥቶ ተቆጣ። “በአንተ ምክር ነው እኮ” አለኝ ጓደኛዬ። “ቁስሉ እስኪደርቅ አሳርፈው፤ ከዚያ አራተኛ ልጅ ጨምርበት” አልኩት።